የአሊውት ካያክ አጽም፦ ይታሰር ወይስ በሙጫ ይጣበቅ?

የጠራቢው ልጅ (ሲያትል)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ አንድ ሰው የሚይዝ የአሊውት ካያክ (በእንጨት አጽም ላይ ቆዳ ወይም ጨርቅ የሚለበስለት ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ) ለመሥራት እየተዘጋጀሁ ስለሆነ፣ በእንጨት ጀልባ ሥራም ሆነ በቀዘፋ ልምድ ያላችሁ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ እጠይቃለሁ። በሙያዬ የቤት ዕቃ አናጢ ነኝ። ያሰብኩት ካያክ ርዝመቱ ከአምስት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ስፋቱ ከግማሽ ሜትር በታች የሆነ ነው። ለሁለቱ የጠርዝ እንጨቶች ቀይ ሴዳር፣ ለጎድኖቹ ነጭ ኦክ አዘጋጅቻለሁ፤ ኦኩን ገና እርጥብ እንዳለ ነው የገዛሁት፣ በእንፋሎት ለማጉበጥ በምድጃ ከደረቀው ይልቅ እርጥቡ ይሻላል ስለተባልኩ።

ያስቸገረኝ ጉዳይ የሚከተለው ነው። ያየኋቸው ንድፎች በሙሉ መጋጠሚያዎቹ በክር እንዲታሰሩ ያዝዛሉ እንጂ በሙጫ እንዲጣበቁ ወይም በብሎን እንዲያዙ አይፈቅዱም። በእኔ ሙያ መጋጠሚያው የሚነቃነቅ ወንበር ተሠርቶ ያላለቀ ወንበር ነው፤ ደንበኛ ፊት አይቀርብም። የጥንቶቹ ሰዎች ኢፖክሲ የተባለው ብርቱ ሙጫ ስላልነበራቸው አሰሩ፣ እኛ ግን አለን። እንግዲህ መጋጠሚያዎቹን አጣብቆ ንቅንቅ የማይል አጽም መሥራት ጉዳቱ ምንድን ነው? ስለ ሽፋኑና ስለ ቀዘፋውም የምጠይቀው አለኝ፤ ይህ ሳይፈታ ግን ወደዚያ መሄድ አልፈለግሁም።

ምላሽ 1፦ ሰሜናዊ (አንኮሬጅ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መነሻው ግን ልክ አይመስለኝም።

የአሊውት ደሴቶች ከአላስካ ልሳነ ምድር ጫፍ ተነሥተው ወደ ካምቻትካ አቅጣጫ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጉ፣ ዛፍ የማይበቅልባቸው፣ ነፋስና ጭጋግ የማይለያቸው ደሴቶች ናቸው። ራሳቸውን ኡናንጋን ብለው የሚጠሩት የደሴቶቹ ሰዎች ይህን በቋንቋቸው ኢቅያኅ፣ በሩስያውያን አጠራር ባይዳርካ የሚባለውን ጀልባ የሚሠሩት የባሕር ሞገድ ከሩቅ አምጥቶ ዳርቻ ላይ በሚጥለው እንጨት ነበር። ረጅምና ወጥ እንጨት ማግኘት የዕድል ጉዳይ ስለነበር፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት የሚሄደው አከርካሪ እንጨት እንኳ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ክፍሎች ተጋጥሞ ይሠራ ነበር። እዚህ ላይ ቆሞ መገጣጠሙም ማሰሩም የእጦት ውጤት ነው ማለት ይቻላል። የእርስዎም ሐሳብ ይኸው ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ አንድ ማስረጃ ይመዝኑልኝ። በሙዚየም ተጠብቀው ከቆዩት አሮጌ ካያኮች አንዳንዶቹ በመጋጠሚያዎቻቸው ውስጥ፣ እንጨት ከእንጨት በሚፋተግበት ቦታ፣ በጥንቃቄ የተቀረጹና የለሰለሱ የአጥንት ቁርጥራጮች አሏቸው። መጋጠሚያው እንዳይነቃነቅ የሚፈልግ ሠሪ በመካከሉ የለሰለሰ አጥንት አያስገባም። አጥንት የሚያስገባው መንቀሳቀሱን የሚፈልግ፣ ነገር ግን እንጨቱ በፍትጊያ እንዳይበላ የሚጠነቀቅ ሠሪ ነው። በጥቂት ቋጠሮ ሊገላገለው ይችል በነበረ ቦታ ላይ ያን ያህል የቅርጽ ሥራ ያፈሰሰ ሰው «ሌላ ስላጣ ነው» ሊባል አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1824 ወደ ኡናላሽካ ደሴት መጥቶ አሥር ዓመት በቅስና ያገለገለው ኢቫን ቬኒያሚኖቭ፣ ኋላ የሞስኮ ሜትሮፖሊታን (ሊቀ ጳጳስ) የሆነውና የሩስያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1977 ከቅዱሳን የቆጠረችው ሰው፣ ስለ እነዚህ አጥንቶች ጽፏል። ጀልባው በዓይነቱ እጅግ የተሟላ በመሆኑ የሒሳብ ሊቅ እንኳ ለባሕር ብቃቱ የሚጨምርለት ነገር ማግኘቱን እንደሚጠራጠርም መስክሯል። ቬኒያሚኖቭ ራሱ አናጢና ሰዓት ሠሪ ስለነበር ቃሉን እንደ ሙያ ባልደረባ ቃል ይውሰዱት።

አሁን ወደ ሥራው ልመለስ። ሞገድ በጀልባው ሥር ሲያልፍ መጀመሪያ አፍንጫውን፣ ከዚያ ወገቡን፣ ከዚያ ጅራቱን ያነሣል፤ በዚህ መካከል አጽሙ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ለመጉበጥ ይገደዳል፣ ሞገዱ በጎን ሲመጣ ደግሞ ይጠመዘዛል። የታሰረ አጽም ይህን ጫና ለመጋጠሚያዎቹ ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ያካፍላል። የተጣበቀ አጽም ግን ጫናውን ሰብስቦ ወደ ደካማው ቦታ ይልካል፤ ደካማው ቦታ ደግሞ የጎድኖቹ ጫፍ እንዲገባ ተራ በተራ የበሱት የጠርዝ እንጨት ነው። ሴዳር ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ቢሆንም በጭረቱ አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ወንበር የሚቆመው በማይንቀሳቀስ ወለል ላይ ስለሆነ የወንበሩን ሕግ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም።

ምላሽ 2፦ የጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የሰሜናዊን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ጀልባው በተጠማዘዘና በጎበጠ ቁጥር ያን የሚያደርገው ኃይል ከየት ይመጣል? ከቀዛፊው ክንድ ከሆነ ልል አጽም ቀዛፊውን ያደክማል፣ ፍጥነትንም ይቀንሳል ማለት ነው። በሌላ በኩል ይህ ካያክ በፍጥነቱ የታወቀ እንደሆነ ይነገራል። ሁለቱ ነገሮች እንዴት ይታረቃሉ?

ምላሽ 3፦ የሞገድ ጓደኛ (ታኮማ)

የጣና ዳር ያነሡት ጥያቄ በካያክ ሠሪዎች ዘንድ ገና ክርክር ያለበት ስለሆነ፣ እኔም የበኩሌን ከፋፍዬ ላቅርብ።

ጀልባውን የሚያጎብጠው በአብዛኛው ሞገዱ ነው እንጂ ክንዱ አይደለም። ጠንካራ ጀልባ ሞገድ ሲመታው በድንገት ይዘገያል፣ አፍንጫውም ይወረወራል። ልል የሆነው ምቱን ጥቂት አዘግይቶ ይቀበለዋል፣ ስለዚህ በተመሰቃቀለ ባሕር ላይ አካሄዱ የተረጋጋ ይሆናል። ከዚህ አልፈው የአጽሙ መተጣጠፍ የሞገዱን ኃይል ወደ ፊት መገፋት ይለውጠዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ ልዩነቱ በመቅዘፊያ ላይ ከሚሰማ ነገር በታች ነው ብዬ አምናለሁ። በረጋ ውሃ ላይ የታሰረና የተጣበቀ አጽም ያላቸውን፣ ቅርጻቸው ተመሳሳይ የሆነ ካያኮች ለማወዳደር ዕድል ያገኘ ሰው ይህ ነው የሚባል የፍጥነት ልዩነት አያይም። መለያየታቸው የሚታወቀው ባሕሩ ሲነሣ ነው፤ የታሰረው ቀዛፊውን ብዙም አያንገላታውም።

ፍጥነቱ የሚመጣው ከቅርጹ ነው። ካያኩ ረጅምና እጅግ ጠባብ ነው፤ ጅራቱ ደግሞ ከላይ ሰፋ ብሎ ድንገት የተቆረጠ፣ ከታች ግን ቀጭን በመሆኑ ውሃው ብዙ ሳይታወክ ይለቀዋል። አፍንጫው ሁለት ቅርንጫፍ አለው፤ በፎቶግራፍ አይቶት የማይጠይቅ ሰው የለም። የታችኛው ቅርንጫፍ ቀጭን ሆኖ ውሃውን ይሰነጥቃል፤ የላይኛው ሰፊ ነው፤ አፍንጫው ወደ ሞገድ ሲገባ ተንሳፋፊነት ጨምሮ ከመስጠም ያድነዋል። ቆዳ በአንድ ጠርዝ ላይ ቀጭንም ሰፊም እንዲሆን ማስገደድ ስለማይቻል ሥራውን ለሁለት ከፍሎ መስጠት ብልህነት ነው። አንዳንዶች የሃይማኖትና የእንስሳ ምሳሌ ትርጉም ይሰጡታል፤ ያም ቢሆን በውሃ ላይ የሚሠራውን ሥራ አይሽርም። ጉድለቱንም መናገር ይገባል፦ በሁለቱ ቅርንጫፎች መካከል የባሕር አረም ይያዝበታል፤ በዚህ በእኛ አካባቢ አረሙ ብዙ ስለሆነ ነገሩ ያበሳጫል።

ለማንኛውም፣ የጠራቢው ልጅ፣ መልሴ ከሰሜናዊ መልስ ጋር አንድ ነው። ይሰሩት፣ ይሰሩት ስል ግን በክር ይሰሩት ማለቴ ነው።

ምላሽ 4፦ ታሪክ ወዳድ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ወደ ክርና ሙጫ ከመግባት በፊት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ተዘሏል፦ የየትኛውን ዘመን ካያክ ሊቀዱ ነው? «የአሊውት ካያክ» አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ በዘመናት ውስጥ ተለውጧል፣ የተለወጠውም በሠሪዎቹ ፈቃድ ብቻ አይደለም።

ሩስያ የላከችው የአሳሹ የቪቱስ ቤሪንግ ጉዞ አባላት እ.ኤ.አ. በ1741 በሹማጊን ደሴቶች አጠገብ ቀዛፊዎች መጥተው ሲያነጋግሯቸው፣ የተፈጥሮ ሊቁ ጌኦርግ ሽቴለር ጀልባዎቹን አፍንጫቸው የሾለ፣ ኋላቸው የተቆረጠ አድርጎ ገልጿቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሩስያ የጸጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ደሴቶቹን ወረሩ። የፈለጉት የባሕር ኦተር የተባለውን ጸጉራም የባሕር አጥቢ እንስሳ ቆዳ ነበር፤ ኦተርን በክፍት ባሕር አሳድደው መያዝ የሚችሉት ግን እንደ ኡናንጋን ያሉት የአገሩ ሰዎች ስለነበሩ ወንዶቹን በግዳጅ አዳኝ አደረጓቸው፤ ቤተሰባቸውንም መያዣ አድርገው ያስቀሩባቸው ጊዜ ነበር። በግፍና በበሽታ ሕዝቡ እጅግ አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1799 የተቋቋመው የሩስያና አሜሪካ ኩባንያ አዳኞችን ከነካያኮቻቸው እስከ ካሊፎርኒያ አወረደ፤ በ1812 በተመሠረተው የኩባንያው ሰፈር በፎርት ሮስ ዙሪያ ያደኑት የአላስካ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የኮዲያክ ደሴት ልጆች፣ በእነዚህ የቆዳ ጀልባዎች ነበር የሚሠሩት።

ይህ ታሪክ በጀልባው ላይ ምልክቱን ትቷል። ሦስት መቀመጫ ያለው ካያክ የዚህ ዘመን ውጤት ነው፤ በፊትና በኋላ ኡናንጋን ይቀዝፋሉ፣ በመካከል የኩባንያው ሹም ወይም ቄሱ ይቀመጣል። ቬኒያሚኖቭም ምእመናኑን ሲጎበኝ የሚጓዘው በዚህ መልክ ነበር። እርሱ ራሱ ከሽማግሌዎች ሰምቶ እንደጻፈው፣ የቀድሞዎቹ ካያኮች ከእርሱ ዘመን ካያኮች እጅግ ይፈጥኑ ነበር፤ ከጥበታቸውና ከሆዳቸው ስለት የተነሣ ሰው ካልተቀመጠባቸው በውሃ ላይ ቀጥ ብለው መቆም አይችሉም ነበር። ስለዚህ በሙዚየም የምናየው ካያክ ሁሉ የጥንቱ ነው ብሎ መገመት ያሳስታል። ብዙዎቹ ሰፋ ያሉ፣ ለጭነትና ለኩባንያ ሥራ የተመቻቹ፣ በመጋጠሚያቸው አጥንት የሌለባቸው ናቸው።

አላስካ በ1867 ለአሜሪካ ከተሸጠች በኋላም አደኑ ቀጠለ፤ ኦተሩ ሊጠፋ ሲቃረብ በ1911 አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ጃፓንና ሩስያ በስምምነት አቆሙት። ካያኩ የሚሠራበት ዋና ምክንያት ያን ጊዜ ቀረ፤ የሳንቃ ጀልባና ሞተር ተተካ። ከዚያ 1942 መጣ። ጃፓን በኡናላሽካ ያለውን ደች ሐርበርን በአየር ደብድባ የአቱንና የኪስካን ደሴቶች ስትይዝ፣ የአሜሪካ መንግሥት 881 ኡናንጋንን ከመንደሮቻቸው አንሥቶ በደቡብ ምሥራቅ አላስካ ጫካ ውስጥ፣ በተጣሉ የዓሣ ፋብሪካዎችና በመሳሰሉት ሰፈሮች አኖራቸው፤ ብዙ ሽማግሌዎችና ሕፃናት እዚያ ሞቱ። የአቱ ሰዎች ወደ ጃፓን ተወስደው በምርኮ ቆዩ። አቱ፣ ካሼጋ፣ ማኩሺንና ቢዮርካ የተባሉት መንደሮች ከጦርነቱ በኋላ በቋሚነት ዳግመኛ አልተመሠረቱም። የካያክ ዕውቀት ያላቸው ሽማግሌዎች የሞቱት በእነዚያ ዓመታት ነው። ዛሬ የኡናንጋን መምህራን ከወጣቶቻቸው ጋር ካያክ የሚሠሩት ከጥቂት የተረፉ ጀልባዎች፣ ከሞዴሎችና ከትዝታ ተነሥተው ነው። እርስዎም የእጅ ሥራዎን ሲያሳዩ የማን እንደሆነ ስሙን ጠርተው እንዲያሳዩ አደራ እላለሁ።

ምላሽ 5፦ የጠራቢው ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአጥንቱ ማስረጃ አሳምኖኛል፤ አጽሙን በክር አስራለሁ። የታሪክ ወዳድን ጥያቄ በተመለከተ፣ የጥንቱን ጠባብ ካያክ ለመሥራት የሚበቃ የቀዘፋ ችሎታ ስለሌለኝ የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን ሰፋ ያለ ዓይነት መርጫለሁ።

አሁን ወደ ሽፋኑ ልለፍ። ኡናንጋን ይሸፍኑበት የነበረውን እውነተኛውን የባሕር አንበሳ (ትልቅ የባሕር አጥቢ እንስሳ) ቆዳ ማግኘት ይቻላል? ካልተቻለ በምን ልሸፍነው፣ እንዴትስ ልስፋው? እንጨት እንጂ መርፌ አላውቅም።

ምላሽ 6፦ ሰሜናዊ

አይቻልም፤ መሞከሩም ወንጀል ነው። በአሜሪካ የባሕር አጥቢ እንስሳትን የሚጠብቀው እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ሕግ የባሕር አንበሳን ማደን ለአላስካ ተወላጆች ብቻ፣ ለምግባቸውና ለባህላዊ ዕደ ጥበባቸው ይፈቅዳል። የምዕራቡ ወገን የባሕር አንበሳ ቁጥሩ እጅግ ስለቀነሰ ሊጠፉ ከተቃረቡት ተመድቧል። ለእርስዎ ናይለን አለልዎ። አንዳንዶች የከብት ወይም የፍየል ቆዳ ይሞክራሉ፤ ክብደቱና ጥገናው ለመጀመሪያ ጀልባ አይመከርም።

ምላሽ 7፦ መርፌና ክር (ሚኒያፖሊስ)

የልብስ ስፌት ባለሙያ ነኝ፤ በካያክ ተቀምጬ አላውቅም፤ ነገር ግን ባለቤቴ አንዱን ሲሠራ ሽፋኑን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ በዚህ በኩል የምለው አለኝ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ እስካሁን ስለ አጽሙ ብዙ ተባለ፤ ስለ ሽፋኑ የተባለው ጥቂት ነው። ኡናንጋን ዘንድ ቆዳውን የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ፤ ስፌቱ ካልያዘ አጽሙ የቱንም ያህል ቢራቀቅ አዳኙ አይመለስም። እንግዲህ ከዚህ ሥራ እኩሌታው የእነርሱ ነው ብዬ ነው የምቆጥረው።

የቆዳው ስፌት የሚደነቅ ነው። የሁለቱ ቆዳዎች ጠርዝ ይደራረብና አንደኛው ጠርዝ በአንድ ረድፍ፣ ሁለተኛው በሌላ ረድፍ ይሰፋል። መርፌው የቆዳውን ውፍረት በከፊል ብቻ ይዞ ይወጣል እንጂ ወዲያ ማዶ አይበሳም፤ ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ በቀጥታ የሚያልፍ ቀዳዳ የለም። ክሩ ጅማት ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። ከዚያ በላይ ዘይት ይቀባል። በወፍራም ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ጥልቀት እየለኩ፣ ምናልባት በክረምት ጨለማ በዘይት መብራት፣ ያን ሁሉ ርዝመት መስፋት ምን እንደሚጠይቅ እጄ ያውቀዋል።

ናይለኑ ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ የራሱ ጠባይ ግን አለው። ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ስለዚህ አርጥበው፣ በኃይል ወጥረው ይስፉት፤ ሲደርቅ ራሱን ያጠብቃል። ፖሊስተር ከመረጡ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ውሃ አይለውጠውም፣ በካውያ ሙቀት ይሰበሰባል። ጨርቁን በጀልባው ሆድ ላይ ዘርግተው፣ ገልብጠው፣ ሁለቱን ጠርዞች በጀርባው መካከለኛ መስመር ላይ ያገናኟቸው። መጀመሪያ ከአፍንጫ እስከ ጅራት በሰፋፊ ስፌት ይወጥሩት፣ ከዚያ ትርፉን ቆርጠው ጠርዙን አጥፈው በጥብቅ ይስፉት። ሁለት ቅርንጫፍ ባለው አፍንጫ ላይ ግን ጨርቁ አይታዘዝም፤ እዚያ ቁራጭ መጨመርና ለብቻ መስፋት የግድ ነው፤ አይቸኩሉ። ቀለሙ ሁለት ክፍል ያለው ፖሊዩሪቴን ነው፤ በደንብ አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ጓንትና የመተንፈሻ ጭንብል አድርገው ይቀቡት፤ ተራ የአቧራ ማስክ አይበቃም።

ምላሽ 8፦ የጣና ዳር

እህቴ ስለ ስፌቱ የጻፉት እጅግ አስተምሮኛል። በእኛ በጣና ላይ የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። የቆዳው ካያክም ይህ ችግር ነበረበት?

ምላሽ 9፦ ሰሜናዊ

ነበረበት። ዘይት የጠጣ ቆዳም በጊዜ ብዛት ውሃ መሳቡ አይቀርም፤ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ስፌቱም ይላላል። በረጅም ጉዞ ላይ ካያኩን ወደ ዳርቻ አውጥቶ ማድረቅና እንደገና ዘይት መቀባት የጉዞው አካል ነበር፤ ቆዳውም በየጊዜው ይለወጣል። አጽሙ ግን ይቆያል። ለማውጣቱም ጀልባው ቀላል ነው፣ ቬኒያሚኖቭ የሰባት ዓመት ልጅ ሊሸከመው እንደሚችል ጽፏል። ናይለኑ ይህን ጣጣ ያስቀርልዎታል።

ምላሽ 10፦ የሞገድ ጓደኛ

ስለ ቀዘፋው ሳይጠየቅ እንዳይቀር ብዬ ነው የገባሁት፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ካያኩን አሳምሮ ይሠራና በመጀመሪያው ቀን ውሃ ውስጥ ይገለበጣል።

የአሊውት ካያክ ባዶውን ያለ ቅጥ ይወዛወዛል። ኡናንጋን ጭነት ሳይኖራቸው ሲወጡ ድንጋይ ከሥር ያስቀምጡ ነበር። እርስዎም አሸዋ የሞላ ጠንካራ ከረጢት ከመቀመጫው ፊትና ኋላ፣ በአከርካሪው እንጨት ላይ፣ እንዳይንሸራተት አድርገው ይሰሩ። ጀልባው ሲጫን ዝቅ ብሎ ይረጋል። መቀመጫው ስስ ምንጣፍ ብቻ ይሁን፤ በሁለት ጣት ከፍ ማለት እንኳ ሚዛኑን ያበላሸዋል። እግር ተዘርግቶ ነው የሚቀመጡት፤ ለዚህም ነው የኡናንጋን ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እግራቸውንና ትከሻቸውን እያሳሳቡ ያደጉት። የጎረቤቶቻቸው የኮዲያክ ሰዎች ተንበርክከው፣ ባለ አንድ ምላስ መቅዘፊያ ይዘው ይቀዝፉ ነበር፤ የኡናንጋን መቅዘፊያ ግን ሁለት ምላስ ያለው፣ ምላሱ ጠባብና ሹል ነው። ጠባቡን ምላስ አይናቁት። ነፋስ አይይዘውም፣ ትከሻን አይጎዳም፣ ቀኑን ሙሉ ያስቀዝፋል።

በሲያትልና በታኮማ ዳር ካለው የባሕር ወሽመጥ፣ ከፒዩጀት ሳውንድ ውሃ ጋር ግን ቀልድ የለም። ሙቀቱ በአብዛኛው ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በበጋ ፀሐይ እያቃጠለዎት እንኳ ውሃው ያው ነው። የገባ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ በአሥር ደቂቃ ገደማ ጣቶቹ አይታዘዙትም፤ ራሱን የሚስተው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ብርዱ ሰውን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ በማቀዝቀዝ ሳይሆን በማስጠም ነው። ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ይልበሱ፦ ውሃ የማያስገባ ሙሉ ልብስና የሕይወት አድን ጃኬት። ኡናንጋን ይህን ያውቁ ነበር። ከባሕር አንበሳ አንጀት የተሰፋውን ካምሌይካ የተባለ ልብሳቸውን ለብሰው መቀመጫው ቀዳዳ ላይ ያጠብቁታል፤ ከእንጨት የጎበጠው ባርኔጣ ከፀሐይ ነጸብራቅና ከሚረጭ ውሃ ዓይናቸውን ይከልላል፤ የገባውን ውሃ በአፍ እየሳቡ የሚያወጡበት የእንጨት ቧንቧም አለ። ማዕበል ሲበረታ ጎን ለጎን ሆነው ካያኮቻቸውን ያያይዙ ነበር።

የእርስዎ የሴዳር አጽምና የናይለን ሽፋን እንደ ፋብሪካ ካያክ በውስጡ አየር የሚይዝ ግድግዳ የለውም፤ ከተገለበጠ እስከ አፍ ገደፉ ይሞላል። በአፍንጫና በጅራት ውስጥ የአየር ከረጢት ሳያስገቡ ከዳርቻ እንዳይርቁ። በመጀመሪያ በረጋ ሐይቅ፣ ከሌላ ሰው ጋር፣ ሆን ብለው ይገልብጡትና መውጣትን ይለማመዱ።

ምላሽ 11፦ የጠራቢው ልጅ

የጎድኖቹን ቀዳዳዎች በስቼ ጨርሻለሁ፤ ጥቂት ጎድኖችንም አጉብጬ አስገብቻለሁ። ሁለት ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። የጎድኑ ጫፍ በቀዳዳው ውስጥ እንዴት ይያዝ? ክሩስ የቱን ያህል ይጥበቅ? «ልል ይሁን» የሚለው ቃል ለአናጢ ልኬት አይሆንም።

ምላሽ 12፦ ሰሜናዊ

ትክክል ነዎት፤ ልኬት ልስጥዎት። የጎድኑን ጫፍ ያለ ሙጫ ያስገቡት። እንዳይወጣ ከፈለጉ በቀጭን የእንጨት ችንካር ይያዙት እንጂ ብሎን አይንኩ። ከጎድኖቹ ውጭ በርዝመት የሚሄዱት ማገሮች ናቸው ከጨርቁ ጋር የሚነካኩት፤ ጎድን ራሱ ጨርቁን መንካት የለበትም፣ ከነካ በዚያ ቦታ ሽፋኑ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ከማሰርዎ በፊት ቀጥ ያለ ስስ እንጨት በማገሮቹ ላይ አስደግፈው እያዩ የሚነካውን ጎድን ጥቂት ይላጉት።

ክሩን በተመለከተ፣ ልልነቱ ከክሩ አይመጣም። ክሩን አቅምዎ እስከፈቀደ ያጥብቁት፤ ሰም የተቀባው ሰው ሠራሽ ጅማት ይሻላል። እንቅስቃሴው የሚመጣው መጋጠሚያው ያልተጣበቀ በመሆኑ ብቻ ነው። ክሩ የሚያልፍበትን ጠርዝ ሁሉ በሞረድ ያክቡት፤ ስል ጠርዝ ክሩን ይቆርጠዋል። ደግሞም በአንድ ክር ከዳር እስከ ዳር አይሂዱ፤ በየጥቂት ጎድኑ ቋጥረው አዲስ ይጀምሩ፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲተርፍ።

አስረው ሲጨርሱ አጽሙን በሁለቱ ጫፎቹ በሁለት ማስደገፊያ ላይ አስቀምጠው ወገቡን በእጅዎ ይጫኑት። ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ እጅዎን ሲያነሡ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ዝቅ ብሎ ከቀረ ክሩ ላልቷል፤ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ጎድኖቹ በቀዳዳው ውስጥ ከመጠን በላይ ተጨንቀዋልና ይፍቷቸው። ሲጫኑት የሚጮኽ መጋጠሚያ ካለ እዚያ ላይ እንጨት ከእንጨት እየተፋተገ ነው፤ ጥቂት ሰም ይቀቡበት፣ ወይም ትዕግሥቱ ካለዎት ስስ አጥንት ቀርጸው ያስገቡበት። ሽፋኑን ለመስፋት አይቸኩሉ፤ ከተሰፋ በኋላ የላላ ክር በመቀመጫው ቀዳዳ በኩል እጅ አስገብቶ ማጥበቅ የሚቻለው በወገቡ አካባቢ ብቻ ነው።